ካውያ ይዤ እሳት የጫርኩበት ቀን

ስለ እሳት ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ኮልፌ ውስጥ አለ ብሎ የነገረኝ ቢኖር ያኔ ከልቤ እጣላው ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከካውያ ጋር ነው የኖርኩት። የያኔው ካውያ ሆዱ ውስጥ የከሰል ፍም የሚጨመርበት፣ ክዳኑ እንደ ሳጥን የሚከፈትና የሚዘጋ፣ እጀታው እንጨት የሆነ ከባድ የብረት ዕቃ ነው። ጣቴን በምራቅ አርስና ከሥሩ ነካ አደርገዋለሁ። ዝም ካለ ገና ነው። «ጪስ» ካለ ለአቡጀዲ ደርሷል። ጠብታዋ ሳትደርቅ እንደ ዶቃ ከተንከባለለች ግን ያ ካውያ ልብስ አቃጥሎ ከደንበኛ ያጣላል። ይህን ዕውቀቴን ማንም ሳይጠይቀኝ ለመጣው ሁሉ አስተምር ነበር። ሚስቴ ስትሰማኝ ፈገግ ትልና ወደ ማጀት ትገባለች። ፈገግታዋን አድናቆት ነው ብዬ ነበር የምወስደው።

ማጀቱ ራሱ ምን እንደሚመስል ግን አላውቅም ማለት ይቻላል። ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ ክዳን ሲያነሳ ከታየ ስሙ ይጠፋል፤ እኔ ደግሞ ስሜን የምወድ ሰው ነኝ። ስለዚህ እሳት ብረት ላይ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ እንጂ ውሃ ላይ፣ ዱቄት ላይ፣ ቅቤ ላይ ምን እንደሚሠራ የሚያውቁት ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ነበሩ። ወደዚያ የተሻገርኩት በአንድ የመጋቢት ቀን ነው፤ ያውም ወድጄ አይደለም።

ዘመኑ የጣልያን ነው። ቤታችን ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ በቀራንዮ በኩል፣ ጣልያኖች መንገዱ ላይ ግንድ አጋድመው ኬላ አቁመው ነበር። ሲያሻቸው ይከፍቱታል፣ ሲያሻቸው ይዘጉታል። ምክንያቱ አይነገርም። ካሚዮን ሊያልፍ ነው ይባላል፤ ካሚዮኑ ሳይመጣ ቀኑ ይሄዳል። ከወዲያም ከወዲህም ያለው ሰው እርስ በርሱ እየተያየ ይውላል።

ያ ቀን የመድኃኔ ዓለም ክብረ በዓል ነበር። የሰፈሩ ሰው፣ ሴቱም ወንዱም፣ በማለዳ ነጭ ለብሶ ቀራንዮ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እኔ የቀረሁት ሚስቴ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ነው። ቀኗ ገና ነው ተብሎ ማንም አልተጨነቀም። ከእኛ ጋር የቀሩት የሚስቴ እናት አክስት ነበሩ፤ አብረውን ነው የሚኖሩት። የሰፈሩን ልጅ ግማሹን ያዋለዱ አሮጊት ናቸው። እግራቸውን ስለሚያማቸው ከምድጃው ዳር እስከ አልጋው ለመሄድ እንኳ ከዘራ ይፈልጋሉ። እማማ ነው የምላቸው። እሳቸው ስሜን የሚጠሩት ደስ ያሰኘኋቸው ዕለት ብቻ ነው፤ በቀረው ጊዜ «አንተ» ነኝ።

ረፋዱ ላይ ምጥ መጣ። እማማ አባረሩኝና በሩን ዘጉ። ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ «ማርያም፣ ማርያም» ሲሉ እየሰማሁ፣ እኔም በሆዴ እያገዝኳቸው፣ ነጠላዬን ስለብስና ሳወልቅ ቆየሁ። በዓል ስለሆነ መስፋት አይቻልም፤ እጄ ደግሞ ሥራ ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ከዚያ አንዲት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ጸጥ አለች። ጸጥታዋን አልወደድኩትም።

«አንተ!» አሉ እማማ። «ግባ!»

«እኔ?»

«ሌላ ሰው አለ እንዴ? ሴቱ ሁሉ ሄዷል። እግዜር ያስቀረልኝ አንተን ነው፤ ምን ላድርግ!»

ገባሁ። ሚስቴ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ሕፃኗን እማማ ደረታቸው ውስጥ ከትተዋታል፤ የምትታየው አናቷ ብቻ ነው፤ እሱም ጡጫዬን አያህልም።

«ሴት ናት» አሉኝ። «ቀኗ ሳይደርስ ነው የመጣች። በርዷታል፤ እናቲቱንም በርዷታል። ይቺ ካልሞቀች አትጠባም፤ ካልጠባች ደግሞ…» አልጨረሱትም። «እናቲቱም ትኩስ ነገር ካልገባላት ወተት አይወርድላትም። እኔ ከዚህ አልነሳም፤ የያዛት የኔ ገላ ነው። አንተ ውሃ አፍላ፤ ከዚያ ገንፎ ታገነፋለህ።»

«ገንፎ?»

«ገንፎ! ዱቄቱን ራሷ አዘጋጅታ አስቀምጣዋለች፤ ቅቤውም ቅል ውስጥ አለ። ሂድ!»

ፈራሁ። ልጅ ስንጠብቅ ብዙ ጊዜ ቆይተን ነበርና እንዳላጣት ፈራሁ፤ እናቷን እንዳላጣ ደግሞ የባሰ ፈራሁ። እኔ ስፈራ ሁሉንም ነገር አበዛለሁ። ትልቁን ድስት ጉልቻው ላይ ጣድኩና ብዙ ውሃ ብዙ ሙቀት ይሆናል ብዬ እስከ አፉ ሞላሁት። በደንብ እንዲታፈን ከደንኩት፤ ክዳኑ ላይም ድንጋይ ጫንኩበት። ቤት ውስጥ ያለውን እንጨት በሙሉ ሥሩ ማገድኩ።

ካውያ ቢሆን በዚያ ሁሉ እሳት ቀልቶ ነበር። ውሃው ግን ዝም አለ። ክዳኑን ገለጥ አድርጌ ጣቴን ብነክር ለብ እንኳ አላለም። ውሃ ይህን ያህል ዳተኛ መሆኑን ማን ነግሮኝ! ብረት እሳት ሲነካው ወዲያው ይቀበላል፤ ውሃ ግን እንጨትህን ሁሉ ይበላና ገና አልጠገብኩም ይላል።

«ፈላ?» ይላሉ እማማ ከወዲያ።

«እየፈላ ነው።»

«ድምፅ አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው አልፈላም! አትዋሸኝ!»

ትንሽ ቆይቶ ከክዳኑ ሥር ማጉረምረም ጀመረ። ደስ አለኝ። «አሁን ገና ሰው ሆንክ!» አልኩት ድስቱን፤ ዱቄቱን ላመጣ ዞር አልኩ። በዚያች ቅጽበት ጉድ ፈላ። ብረት ሲግል ባለበት ይቀመጣል፤ ውሃ ግን ሲፈላ ቤቱ ይጠበዋል። ድስቱ ክዳኑን ከነድንጋዩ ገፍቶ ጣለና ገነፈለ። ውሃው በአራቱም በኩል እየፈሰሰ እሳቱ ላይ ወረደ። «ሹሽሽሽ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ማጀቱን እንፋሎትና አመድ ሞላው፤ ከዚያ ጨለመ። አመድ ሥር የተዳፈነው ረመጥ እንኳ ሳይቀር ጭቃ ሆነ። ክብሪቱን ያስቀመጥኩት ከጉልቻው ሥር ነበር፤ አብሮ ተጠመቀ።

«ምንድን ነው የጮኸው?» አሉ እማማ።

«እሳቱ ጠፋ።»

«ማን አጠፋው?»

«ውሃው።»

«ውሃ አፈላለሁ ብሎ እሳት ያጠፋ ሰው» አሉ ቀስ ብለው፣ «በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ አላየሁም። ሂድ ከጎረቤት ጭረህ አምጣ!»

በሰፈራችን እሳት የጠፋበት ቤት ገል ይዞ ወደ ጎረቤት ይሄዳል፤ ጎረቤት ፍም ጭሮ ይሰጣል። ይህ የሴቶች ሥራ ነው። ነፋሱን በነጠላቸው ከልለው፣ ፍሙን እፍ እፍ እያሉ፣ ወሬም ቢያጋጥማቸው ቆመው አውርተው ሳይጠፋባቸው ይመለሳሉ። እኔ ግን የማንን በር ልምታ? ግራና ቀኙን ሮጥኩ፤ ሁሉም ዝግ ነው። ከአንድም ጣራ ጭስ አይወጣም። ጭስ የሚታየው ከአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም ከኬላው።

ያን ሁሉ መንገድ በገል ፍም ይዤ ብመለስ ቤት የምደርሰው አመድ ይዤ ነው። ባዶ እጄን ቤት ስመለስ ዓይኔ ካውያው ላይ አረፈ። ክዳን አለው፣ እጀታ አለው፣ ፍም እንዲሸከም የተሠራ ዕቃ ነው። አንስቼ ሮጥኩ። እማማ ከኋላዬ «ካውያ ይዞ የት ነው የሚሄደው? አበደ እንዴ?» ሲሉ ለሚስቴ ሰማኋቸው።

ኬላው ተዘግቷል። ከግንዱ ወዲያ ከቀራንዮ የተመለሰው የሰፈራችን ሰው ነጭ በነጭ ሆኖ ቆሟል፤ ሴቶቹ ከፊት ናቸው። ከግንዱ ወዲህ አንድ አስካሪ፣ ለጣልያን ያደረ ሐበሻ ወታደር፣ ጠመንጃ ይዞ ይንጎራደዳል፤ ከእሱ አለፍ ብሎ አንድ ወፍራም ጣልያን እሳት አንድዶ ምሳውን ያበስላል። ሴቶቹ ከሩቅ አዩኝ። ማለቴ፣ ካውያውን አዩ።

«በመድኃኔ ዓለም ቀን!» አለች ጎረቤታችን ጠጅ ሻጯ፤ ስታንሾካሹክ እንኳ ማዶ የሚሰማ ድምፅ ያላት ሴት ናት። «ካውያ ይዞ! ለጣልያን ልብስ ሊተኩስ!»

«እሱ ነው? እውነት እሱ ነው?»

«እኛ ታቦት ፊት ቆመን ስንለምን፣ እሱ ካውያ ሲያግል!»

«በጾም! በበዓል!»

ለመናገር አፌን በከፈትኩ ቁጥር ይጮኹብኛል። በመጨረሻ እኔም ባለ በሌለ ድምፄ ጮኽኩ፤ «ወልዳለች!»

ወዲያው እልልታው ቀለጠ። አስካሪው ደንግጦ ጠመንጃውን አነሳ፤ ጣልያኑ ጭልፋውን ከእጁ ጣለ።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት!»

«እልልልል! እንኳን ማርያም ማረቻት!»

«ማርያም ታኑራችሁ! ግን ቀኗ ሳይደርስ ነው፤ ሕፃኗ በርዷታል። እሳቱም ጠፍቶብኛል!»

ሴቶቹ ግንዱን ሊዘሉ ተንቀሳቀሱ። አስካሪው ጠመንጃውን አግድሞ ከለከላቸው። «አለቃዬ ሳይመጣ አይከፈትም፤ እኔን ነው የሚገርፈኝ» አለ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ግንዱን ግን አላነሳም። ሴቶቹ በእግር ያልተሻገሩትን በአፍ ሊሻገሩት ወሰኑ።

«ገንፎውን ማን ነው የሚያገነፋው?»

«እኔ ነኛ!»

ጥቂቶቹ አማተቡ።

«ውሃው ሳይፈላ ዱቄት እንዳትጨምር!»

«ኧረ በፈላ ላይ ጨምሮ ሊጓጉልበት ነው! መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው!»

«እሷን አትስማት! የእሷን ገንፎ አይተነዋል!»

«ምን ሆነ የኔ ገንፎ?»

«ከፈላው ውሃ በጣሳ ቀንስና አስቀምጥ! ሲጠጥርብህ ትጨምርበታለህ!»

«እሳቱንም ቀንስ፣ እንዳያርብህ!»

«እሳት የለኝም እያለ ምኑን ነው የሚቀንሰው!»

እርስ በርሳቸው ሲያያዙ ትቻቸው ወደ ጣልያኑ ዞርኩ። የእኔ ጣልያንኛ ደንበኛ ከማሰናበት አያልፍም፤ ጥሩ ነው ለማለት «ቦኖ» እላለሁ፣ ነገ ና ለማለት «ዶማኒ» እላለሁ፣ አለቀ። እሳት ምን እንደሚባል አላውቅም። ካውያውን ከፍቼ ባዶ ሆዱን አሳየሁት፤ ከዚያ በጣቴ ወደ እሳቱ አመለከትኩ። ሰውየው ካውያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ፊቱ በራ። «ሳርቶ!» አለ፤ ልብስ ሰፊ ማለቱ ነው። ወዲያው ጃኬቱን አውልቆ እጄ ላይ ጣለው።

ራሴን ነቀነቅሁ። እሱ ዕቃ አነሰኝ ማለቴ መሰለው መሰል፣ አንድ ሳጥን ጎትቶ አመጣና ጠረጴዛ ይሁንህ በሚል ፊቴ አስቀመጠው። ካውያውንም ራሱ ተቀብሎ ፍም ጨመረበት። ፍሙ አሁን በእጄ ነው። እግሬ አውጪኝ ልል ፈለግሁ፤ ግን ያ አስካሪ ጠመንጃ ይዟል፤ የሰው ጃኬት ደግሞ ክንዴ ላይ አለ።

በመድኃኔ ዓለም ቀን፣ በጾም፣ ያ ሁሉ የሰፈር ሰው እያየኝ፣ የጣልያን ጃኬት የተኮስኩት እንዲህ ሆኖ ነው። ልጄ ቤት ውስጥ እየቀዘቀዘች እኔ እዚህ የሰው ጃኬት አሞቃለሁ። አንዴ ገፍቼ አንዴ ስቤ ልገላገለው ነበር ሐሳቤ፤ እጄ ግን አመሏን አትተውም፤ ስፌት ስፌቱን እየተከተለች ትሄዳለች። ይባስ ብሎ ከግንዱ ወዲያ «ግራ ኮሌታው ተጨማዷል!» የሚል ድምፅ መጣ። ጠጅ ሻጯ ናት። ምን ላድርግ፣ ጎንበስ ብዬ ኮሌታውን አስተካከልኩ።

ሰውየው ጃኬቱን ለብሶ ደስ ብሎት ሲንጠራራ፣ ሁለት ክንዴን አጥፌ እሹሩሩ እንደሚል ሰው አወዛወዝኳቸው። ከዚያ ራሴን አቅፌ ተንቀጠቀጥኩለት። እሱም ወደ ሴቶቹ አየ፣ ወደ እኔ አየ። እልልታው የምን እንደነበር ያኔ ነው የገባው። ካውያውን ነጠቀኝ፤ አመድ የሆነውን ደፋና ከእሳቱ መሀል በደንብ የቀላውን እየመረጠ ክዳኑ አልዘጋ እስኪል ሞላልኝ። ከዚያ በሁለት እጁ ገፋኝ፤ ሂድ ማለቱ ነው። ስለ ጣልያን ደግ ቃል ለመናገር ምላሴ አይፈታም፤ ስለዚያ ፍም ግን እውነቱን እናገራለሁ፤ ጥሩ ፍም ነበር።

ስዞር የጣልያኑን ድስት በዓይኔ ገረፍ አደረግሁት። ውሃው ከድስቱ ግማሽ አያልፍም፤ ክዳንም የለውም። ይንተከተካል፣ ይዘላል፣ ግን ተመልሶ እዚያው ይገባል። ለካ ውሃም ሲሞቅ መፈንጫ ቦታ ይፈልጋል!

ወደ ቤት ስሮጥ ካውያውን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዝኩ ነው። አየር ሲገባው ፍሙ አይሞትም፤ ይህቺን አውቃለሁ። ካውያው በቀዳዳዎቹ ብልጭታ እየተፋ፣ እኔ ነጠላዬ እየተጎተተ፣ ያየኝ ቢኖር ቤት ላቃጥል የምሮጥ ነበር የምመስለው።

እማማ ፊታቸው ጠቁሯል። «ቆየህ» አሉ። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ሕፃኗን አሳዩኝ። ከንፈሯ ጠቆር ብሏል፤ ዓይኗን ጨፍናለች፤ አታለቅስም። ያን ጊዜ የድስቱም የገንፎውም ነገር ከራሴ ጠፋ። ካውያው እጄ ላይ ነው፤ ይህን ሥራ ደግሞ ማንም አያስተምረኝም።

ሚስቴ ለወሊዷ ያጠበቻቸው ነጠላዎች ነበሩ፤ በኮልፌ ብርድ በደንብ ሳይደርቁ ነው የታጠፉት። አንዱን የልብስ ሳጥናችን ላይ ዘርግቼ ካውያውን አሳረፍኩበት። እንፋሎቱ ቦግ ብሎ ተነሳ።

«ሞቋል፣ ስጠኝ!» አሉ እማማ እጃቸውን ዘርግተው።

«አልደረሰም።»

«እየጨሰ አይደል እንዴ!»

«ስለሚጨስ ነው እኮ ያልደረሰው!»

እማማን እምቢ ስል የመጀመሪያ ቀኔ ነበር። እየጨሰ ያለ ጨርቅ ግን ያታልላል። እጅ ላይ ይሞቃል፤ ትንሽ ቆይቶ እርጥበቱ ሙቀቱን ይዞት ይሄድና ከነበረው ይብስ ይቀዘቅዛል። የበረዳትን ሕፃን በዚያ መጠቅለል ወንዝ ውስጥ እንደመንከር ነው። እንፋሎቱ ሳስቶ ሳስቶ እስኪጠፋ ድረስ ተጫንኩት። ውሃው ሲያልቅ ጥጡ ሙቀቱን ለራሱ ያስቀራል። ካውያውን አንስቼ ጨርቁን አጠፍኩት፤ ጉንጬ ላይ አስደግፌ ጠበቅሁ፤ እንዳያቃጥላት እንደገና ሌላኛው ጉንጬ ላይ አደረግሁት። ከዚያ ሰጠኋቸው። እሳቸውም በተራቸው ጉንጫቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ ልጄን ጠቀለሏት።

አንዱ ሲበርድ ሌላው ይደርሳል። እኔ እተኩሳለሁ፣ እማማ ይጠቀልላሉ፤ ጋቢውንም አሙቄ በሚስቴ እግር ላይ ደረብኩት። እማማ ሕፃኗን በየመሀሉ ገለጥ እያደረጉ ያዩዋታል፤ እኔ ደግሞ የእሳቸውን ፊት አያለሁ። መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ ጥቁሩ ከንፈሯ ቀይ ሆነ። አፏን ከፈተች፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አዛጋች። ሳጥኑን ተደግፌ ቆምኩ።

እማማ በስሜ ጠሩኝ። «ተባረክ» አሉ። «አሁን ገንፎህን አምጣ፤ ሳትጠባ ቆይታለች።»

ከካውያው ግማሹን ፍም ወደ ምድጃው ገልብጬ፣ ያልረጠበውን እንጨት መርጬ፣ እፍ እፍ ብዬ አነደድኩ። ድስቱን በግማሽ ሞላሁት፤ ክዳን የሚባል ነገር አላስጠጋሁም። በዚህ መጠን ውሃው ቶሎ ተነሳ፤ ከሥሩ አረፋው ይመጣል፣ ይፈነዳል፣ እንደገና ይመጣል። በጣሳ ቀነስኩና አስቀመጥኩ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ከዚያ ዱቄቱን በአንድ ጊዜ ገለበጥኩት።

ዱቄት የሚሠራውን ተንኮል ያየሁት ያን ቀን ነው። የፈላው ውሃ ከላይ ከላይ ያበስለውና ቆዳ ይሠራበታል፤ ውስጡ እንደ ደረቀ ይቀራል። ድስቱ ሙሉ እንክብል በእንክብል ሆነ። ማማሰያውን በሁለት እጄ ይዤ ወረድኩበት። እንደ ጠላት ጨፈለቅሁት፤ አንዱን ስፈጭ ሌላው ያመልጠኛል። ሲጠጥርብኝ ከጣሳው ጨመርኩ፤ ሲቀጥንብኝ ዱቄት ጨመርኩ፤ እንዲህ እየተጨማመርን ለአንዲት አራስ የታሰበው ገንፎ ለሠርግ የሚበቃ ሆነ። ከማማሰል ብዛት ክንዴ ሊወልቅ ሲል ማማሰያው ሳልይዘው ድስቱ ውስጥ ቆመ። ይህ በካውያ አገር የሌለ ነገር ነው። ውሃውም የለም፣ ዱቄቱም የለም፤ ሦስተኛ ነገር ሆነው ተነስተዋል።

ቅቤው በብርዱ ቅሉ ውስጥ ድንጋይ ሆኗል። በማንኪያ ቆረስኩና በጣሳ አድርጌ ካውያው ክዳን ላይ አስቀመጥኩት። ይህን የመሰለ ምድጃ የትም አይገኝም! ጠርዙ ላይ ላብ አወጣ፣ ዳር ዳሩ ወዛ፣ ከዚያ መሀሉ ቁጭ አለና ቀልጦ ወርቅ ሆነ። ሽታው ሲመጣ ሁዳዴ መሆኑ ትዝ አለኝና አፍንጫዬን ወደ በሩ አዞርኩ። መቅመስ አልችልም። እማማም አይቀምሱም፤ ለሞት ቢታመሙም ጾም የሚገድፉ ሴት አይደሉም። ጾሙ የማይመለከታት አራሷን ብቻ ነው። በዓይኔና በአፍንጫዬ ብቻ የሠራሁትን ገንፎ ሳህን ላይ ክቤ፣ መሀሉን በማንኪያ ጎድጉጄ፣ ቅቤውን አፈሰስኩበት። ጉድጓዱ ወዲያው በአንድ በኩል ተናደና ቅቤው ወደ ሳህኑ ዳር ሸሸ።

እማማ ሳህኑን አይተው ከንፈራቸውን ነከሱ። «ይሁን» አሉ፤ «ትኩስ ነው።»

እንደ ደንቡ ሳህኑን አስቀምጬ ልወጣ ነበር። የሚስቴ እጅ ግን ስለሚንቀጠቀጥ ማንኪያውን እንጂ ሳህኑን መያዝ አልቻለችም። «ያዝላት» አሉኝ እማማ፤ ሕፃኗን ወደ ጡቷ እያስጠጉ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ያዝኩላት።

የመጀመሪያውን ጎረሰች። አኘከች፤ እንክብሉን ጥርሷ ሲያገኘው ትንሽ ቆም አለች፤ ዋጠች። ሁለተኛውን ከፊተኛው አሳድጋ ዛቀች። ስትጎርስ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ስትውጥ ትከፍታለች። ቅቤው በአገጯ ሲወርድ በእጇ ጀርባ ትጠርገዋለች። ያን ሳይ ነው አንድ ነገር ልቤን የወጋኝ። ሚስቴ ስትበላ አይቼ አላውቅም። ይህን ሁሉ ጊዜ በአንድ ቤት ኖረናል። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ስጨርስ የተረፈውን አንስታ ማጀት ትገባለች። እዚያ ምን እንደምትበላ፣ ትኩሱን ይሁን የቀዘቀዘውን፣ ጠግባ ይሁን ሳትጠግብ፣ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ስታኝክ ግራ ጉንጯ እንደሚሰረጉድ እንኳ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

«ያዘች!» አሉ እማማ በሹክሹክታ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የሕፃኗ ጉንጭ ገባ ወጣ ይላል። እንባዬ ሳህኑ ላይ እንዳይወርድ ፊቴን ወደ ጎን አዞርኩ።

ሚስቴ ልጇን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ዛቀች።

«ጨው የለውም» አለችኝ።

«ወይኔ! ቆይ ላምጣ!» ብዬ ብድግ ስል፣ ቅቤ በነካው እጇ ነጠላዬን ያዘችኝ።

«አይሂዱ» አለች። «ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ ስትበላ አየኋት።